በቦራ የተገዙ ጃንጥላዎች

ታላቅ ወንድሜ አዳሙ አብዶ ሳለ በሰንሰለት የታሰርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የማሳምረው ነገር የለውም። «አብዶ» የሚለውን ቃል ዶክተር ሰናይት አይበሉ ብላኛለች። ሕመም ነው፣ ስሙ ባይፖላር ነው፣ ሰውን አንድ ሰሞን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ሌላ ሰሞን መሬት ላይ የሚጥል የአእምሮ ሕመም ነው ብላ ደጋግማ አስረድታኛለች። እሺ ብያለሁ። ከዚህ በኋላ «ታሞ» እላለሁ። ሰንሰለቱን ግን በምንም ስም ቢጠሩት ሰንሰለት ነው። በግራ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ያላየ የአምበር ሰው የለም፤ ያላየ ካለም ቁጭ በል ብዬ አሳየዋለሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የአዲስ ጃንጥላ ሽታ ነው። ጥር ላይ ነበር፤ ጤፉ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ፣ ሰው ለሠርግና ለማኅበር ካልሆነ ከቤቱ የማይነሳበት ሰሞን። ዶክተር ሰናይት ከማርቆስ በመኪና መጣች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምታስተምር፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ጤና ኬላው በር ላይ ሰው ሰብስባ ስለዚህ ሕመምና መንስኤውን ስለሚፈልገው ጥናታቸው ስታስረዳ ገና ሳትጨርስ የአምበር ሰው ሁሉ በአንድ ጣት ወደ እኔ ቤት አመለከተ። እሷ ምን ታድርግ፣ ሰው ወዳሳያት መጣች። መደብ ላይ ተቀመጠች፣ ወረቀቷን አወጣች፣ በትሕትና ትጠይቀኝ ጀመር።

«አባባ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?»

«እተኛለሁ።»

«ብዙ ቀን እንቅልፍ የሚባል ሳይነካዎት የሚቆዩበት ጊዜስ አለ?»

«ጅብ በረቱን ካልነካ አልነቃም።»

«ከሰው ጋር ይጋጫሉ?»

«አዎ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማን ጋር አይጋጩም ብለሽ ብትጠይቂኝ ቶሎ እንጨርሳለን።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር» አለች ባለቤቴ ጥሩወርቅ ከጓዳ።

ዶክተሯ ጻፈች። ቀጥላ፣ «ከመጠን በላይ ደስ ብሎዎት ያውቃል? ዓለም ሁሉ የእርስዎ ሆና የታየችበት፣ ያለዎትን ሁሉ ለሰው ልስጥ ልስጥ ያሰኘዎት ጊዜ?» አለችኝ።

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየሳቀች ብቅ አለች። «እሱ? ደስታ? ዶክተር፣ እንደዚያ ያለ ቀን ካገኘሽበት ለእኛም አሳዪን።»

ዶክተር ሰናይት ወረቀቷን አጠፈች። «አባባ፣ እርስዎ የታመሙ አይመስለኝም» አለች።

«ለዚህ አገር ሰው ይህንኑ ስናገር ነው ያረጀሁት» አልኳት። «የታመመው ወንድሜ ነው።»

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። እሳቸው ራሳቸው ፈቅደው ካልመጡ በቀር እርስዎ ስማቸውን ቢነግሩኝም እኔ ሄጄ አላንኳኳም፣ ሕጋችን አይፈቅድም አለች። ደግሞ ጨመረችበት። ጥናቱ የታመመውንና ጤነኛውን ወንድም ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያየው። ሁለቱም በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ምራቅ ይተፋሉ፤ በምራቁ ውስጥ ዘረመል የሚባል፣ ሰው ከእናት ከአባቱ የወረሰው ነገር አለ፤ እሱን ያመሳክራሉ። «እርስዎ በጤነኛ ወንድምነት ይገባሉ፤ ያለ እሳቸው ግን የእርስዎ ብቻውን አይጠቅመንም» አለች። እንግዲህ አስቡት፤ ጤነኝነቴ እንኳን ያለ አዳሙ ፈቃድ አይጸናም።

ልትነሳ ስትል ከመኪናዋ አንድ ጃንጥላ አመጣች። «ገንዘብ አንሰጥም፤ ምራቅ ገዙ እንዳይባል። ይህቺ ላባከንንብዎት ሰዓት ናት» ብላ ዘረጋችልኝ። ያ ሽታ፣ የአዲስ ጥቁር ጨርቅና የብረት ዘይት ሽታ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። ማርቆስ፣ የዐረቡ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ዘመኑን አትጠይቁኝ። መንግሥት ሊለወጥ ነው የሚባልበት ወይም ተለውጧል የሚባልበት ጊዜ ነበር፤ ስለ መንግሥት የሚያስታውሱ ሌሎች አሉ። እኔ የማስታውሰው ሻይ በአሥር ሳንቲም መሆኑን ነው፤ ያውም ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ እስኪታይ። የጎማ በረባሶ ያደረገ ሰው ጫማ አለኝ ብሎ ደረቱን ይነፋ ነበር። ናይለን ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ይታያል፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ እሱ ግን አያወልቀውም። ማርቆስ መንገዱ ላይ የፈረስ ጋሪ ይሮጣል፤ ከመናኸሪያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በስሙኒ ያደርሳል። የዐረቡ ሱቅ ከገበያው ማዕዘን ላይ ነበረ። በሩ ላይ ጃንጥላዎች እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ፣ ከውስጥ የቅርንፉድና የአቡጀዲ ሽታ ይመጣል። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ላይ ሞባይል የሚሸጥ ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት በሩ ላይ ቆሜ ብዙ ስላየሁት «አባባ፣ ቻርጀር ነው?» አለኝ። «ዐረቡ የት ሄደ?» አልኩት። ያበድኩ መሰለው። ለምጄዋለሁ።

አዳሙ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። መልከ መልካም፣ ጨዋታ ዐዋቂ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነበረ፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ፊቴ አይፈታም። አንድ ዓመት የካቲት ላይ መተኛት ተወ። ሌሊቱን ሙሉ ይዘፍናል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ የጎረቤቱን አጥር ያጥራል፣ የሰው እህል ወስዶ ያስፈጫል፣ ላገኘው ሁሉ ቃል ይገባል። ለአንዱ ልጅህን እድርልሃለሁ ይለዋል፣ ለሌላው ወንዙ ላይ ድልድይ እሠራልሃለሁ ይለዋል፤ ለደብሩ ካህን ከባሕር ማዶ ደወል አስመጣለሁ ብሎ መጠኑን በክንዱ ለክቶ አሳይቷቸዋል። ሲናገር ቃሉ ከአፉ እየተጋፋ ይወጣል። ሰው ሁሉ ተደሰተበት። «አዳሙ ዘንድሮ ተባረከ» ይላል። እኔ ብቻ ዐይኑን አይቼ ፈራሁ፤ ዐይኑ እኔን እያየ እኔን አያይም።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ሌሊት ካደርኩበት የሰው አውድማ ስመለስ ቦራ በረት ውስጥ የለም። ቦራ በሬዬ ነበር፤ ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ስሙን ስጠራው ከተኛበት የሚነሳ። ከአባቴ በሬ ጋር እንዲጠመድልኝ፣ ሁለት ክረምት የሰው መሬት አርሼ የገዛሁት ነው። ለመፈለግ ብዬ ወደ ገበያው ስወጣ የአምበር ገበያ ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። ሰማዩ ጠርቶ፣ ደመና በሌለበት፣ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ዘርግቷል። ሽማግሌው፣ ጨው ሻጯ፣ ፍየል ነጂው ሁሉ ጃንጥላ ሥር ነው። አዳሙ ናይለን ሸሚዝና የፀሐይ መነጽር አድርጎ ከማርቆስ ድረስ በተከራየው ጋሪ ላይ ቆሞ ያድላል። ከጎኑ አዝማሪ ቀጥሯል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ፦

ሰማይ ዝናብህን ዘንድሮ አቆየው፣
አዳሙ አምበርን በጥላ ሸፈነው።

ይላል። ግጥሙ መጥፎ አይደለም። ያኔ ግን ግጥም የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

«ቦራ የት አለ?» አልኩት።

«ይኸውልህ» አለኝ አዳሙ፣ በሁለት እጁ ገበያውን እያሳየ። «ሁሉም ላይ ነው። አንተም አንድ ውሰድ፣ ወንድምዓለም።»

ጮህኩ። ከዘርፌ እጅ ጃንጥላዋን ነጠቅሁ፤ ዘርፌ ዛሬ መነኩሲት ናት፣ ያኔ ገና የሁለት ልጆች እናት ነበረች። «ታሟል፣ በሬዬን ሸጦ ነው፣ ያዙልኝ» እያልኩ አንዱን ስነጥቅ ሌላው ይዘረጋል። ሰው ያየው ምንድን ነው? አንዱ ወንድም እየሳቀ ይሰጣል፣ ሌላው አረፋ እየደፈቀ ይነጥቃል። ማታውን አባታችን ዘመድ ሰበሰበ። ክርክሩ አልረዘመም። «አዳሙ ሰው ያለብሳል፣ እጅጉ ሰው ይገፍፋል፤ የታመመው የትኛው ነው?» አለ አንዱ አጎቴ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አዳሙ እኔን አቅፎ አለቀሰ። ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ በዚህ አላማውም። «ወንድሜን አስታምማለሁ። ወጪውን ሁሉ እኔ እችላለሁ» አለ። ቻለም። ከቦራ በተረፈው የጭነት መኪና ተከራየ፣ ከማርቆስ ብረት ቤት አዲስ ሰንሰለት ገዛ፤ «ርካሹ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ወፍራሙን ስጡኝ» ብሎ ተከራክሮ። እኔን እግርና እጄን አስረው ከኋላ ጫኑኝ፣ አዝማሪውም አብሮ ተሳፈረ። ከአምበር እስከ ደጀን ስሜ በማሲንቆ እየተጠራ ተጓዝኩ። እንግዲህ በእኛ አገር የዚህን ሕመም መንስኤ ለመመርመር የመጀመሪያውን ገንዘብ የመደበው በሽተኛው ራሱ ነው፤ በእኔ በሬ። ምርመራውም የተካሄደው በጤነኛው ላይ ነው።

ጸበሉ ከደጀን በታች፣ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ጸበሉን አልወቅስም፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ነበር፣ ዛሬም ሳልፍ እጠጣዋለሁ። ጸበሉ የመጣለትን ሰው ነው የሚያጥበው፤ ማን መምጣት እንደነበረበት የእሱ ጉዳይ አይደለም። ችግሬ ከአስታማሚው ጋር ነበር። አስታማሚው በላቸው የሚባል ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ መንፈስ ካላስለፈለፈ እንቅልፍ የማይወስደው ነው።

«ማን ነህ?» ይለኛል ከውሃው ሥር እንዳወጣኝ።

«እጅጉ ነኝ።»

«እሱንስ ዐወቅነው። እሱ ላይ ያለኸው ማን ነህ?»

«እኔ ላይ ያለው ሰንሰለት ነው።»

«ተናጋሪ ነው፣ ያዙት» ይላል ለሰዉ። «ከየት ያዝከው?»

«ከአምበር። የያዘኝ ወንድሜ ነው።»

«እሰይ፣ ተናዘዘ። የወንድሙን መልክ ይዞ ነው የገባበት።»

እንዲህ ነው። እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር አንድ ሳምንት ይጨመርብኛል። ዝም ስል ዲዳ መንፈስ ነው ይላል፤ ስሳደብ ጋኔኑ ተቆጣ ይላል። በመጨረሻ እንደማያዋጣኝ ገባኝና አንድ ጠዋት ድምፄን አወፍሬ፣ «ልለቀው ነው» አልኩ።

በላቸው ደስታውን አልቻለውም። «ምን ተሰጥቶህ ትለቃለህ?»

ያን ጊዜ ተስፋ አደረግሁ። «ቀይ በሬ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ገዢው ማርቆስ አካባቢ ነው ያለው» አልኩ።

ሰዉ ተንጫጫ። መንፈስ በሬ ጠየቀ ተብሎ ካህኑ ተጠሩ። እሳቸው አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለጋኔን ከብት አትሰጥም ብለው ቁርጡን ነገሩን። እኔም፣ «እንግዲያው በነፃም ቢሆን እወጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሰንሰለቱን ፈቱልኝ። ከደጀን አምበር በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ለመመለሻው መኪና ገንዘብ የመደበ አልነበረም።

ቤት ስገባ አዳሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አይበላም፣ አይናገርም፣ ናይለን ሸሚዙ ወገቡ ላይ ተጠቅልሎ። መነጽሩ ተሰብሮ መደቡ ሥር ወድቋል። ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ሆኖ ባጀ። አሁንስ እውነቱ ይገባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። የአምበር ሰው ምን አለ መሰላችሁ? ከእጅጉ የወጣው መንፈስ ወደ አዳሙ ገባበት። በእሱም እኔ ተጠያቂ ሆንኩ። ልጠይቀው ወደ መደቡ ስጠጋ እናቴ እንኳን «ትንሽ ራቅ በልለት፣ ልጄ» አለችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጎልማሳው ሁሉ ይማር ተብሎ ማታ ማታ በማሾ ብርሃን ያስተምሩን ነበር። ከጎኔ ያሉት ደብዳቤ ለማንበብ፣ ዳዊት ለመድገም ነው የተማሩት። እኔ የተማርኩት ለመክሰስ ነው። መምህሩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገራችሁን ጻፉ ሲል ሌላው «ላም ወተት ትሰጣለች» ብሎ ጻፈ፤ እኔ የጻፍኩት ከላይ መጀመሪያ ያነበባችሁትን ነው። መምህሩ አንብቦ እጄን ጨበጠኝ፤ ሆሄው ትክክል ነው አለ። ይህንኑ ጨምሬ ጨማምሬ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰጠሁት።

«ታስረህ ነበር?» አለኝ።

«ታስሬ ነበር።»

«ተፈትተሃል?»

«ተፈትቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልሁንልህ?»

«ስሜን ይመልሱልኝ።»

ሳቀ። ከእሱ በኋላ የመጣውም ሳቀ። መንግሥት ሲለወጥ እኔም ማመልከቻዬን እንደ አዲስ እጽፋለሁ፤ ሰላምታው ላይ «ጓድ» የነበረውን «አቶ» አደርገዋለሁ፣ ሌላው እንዳለ ነው። አገሩ ግን አንድ ስም አውጥቶልኛል፤ እጅጉ ሰንሰለት። ገበያ ላይ ሲጠሩኝ እጅጉ ሰንሰለት፣ እድር ላይ ሲያነሱኝ እጅጉ ሰንሰለት። ይህ እኔ ላይ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። ታላቋን ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ጠላውን ሳይቀምሱ ከበር ተመለሱ፤ የማን ልጅ እንደሆነች መንገድ ላይ ነግረዋቸው ነው። እሷ ያን ቀን ጓዳ ገብታ የተነጠፈውን ቄጠማ ስታነሳ አይቻታለሁ። በኋላ ከማርቆስ ማዶ አማኑኤል ከተማ ተዳረች፣ ስማችን ወዳልደረሰበት፤ ጥሩ ባል አላት። ያችን ቄጠማ ግን አልረሳትም፤ አዳሙን በልቤ ይቅር እል እልና ቄጠማዋ ትዝ ትለኛለች።

አዳሙማ ከዚያም በኋላ አልቀረለትም። ሁለት ሦስት ዓመት ሰላም ሆኖ ያርሳል፣ ከዚያ አንድ የካቲት ላይ መዝፈን ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ ንብ ቀፎ፣ አንድ ጊዜ ከደጀን ሙሉ መኪና ብርቱካን። ከዚያ ግድግዳው። በመጨረሻ የጤና ሠራተኛ ልጅ ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ላከችው፤ ክኒን ጀመረ። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ሰው ሆነ። ለሰው የሚናገረው ግን ደም ግፊት ነው የምታከመው እያለ ነው። ደም ግፊት። እኔ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም።

እንግዲህ ዶክተር ሰናይት ያን ጃንጥላ ስትሰጠኝ ይህ ሁሉ ከነሽታው መጣ። በነጋታው ጃንጥላውን ይዤ አዳሙ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። አፍንጫው ሥር ዘረጋሁለት። ዐይኑን ጨፈነ።

«የዐረቡ ሱቅ» አለ።

«የዐረቡ ሱቅ» አልኩት።

«ዋጋ እንኳ አልተከራከርኩትም እኮ። ሙሉውን አውርድ አልኩት፤ ዐረቡ ራሱ ፈራኝ።» ጃንጥላውን ከእጄ ወሰደና፣ «በቦራ» አለ።

ያን ቃል ከአፉ ለመስማት ነው ፀጉሬ የነጣው። ቁጭ አልኩና የዶክተሯን ነገር ነገርኩት። ሦስት አገር ያሉ ሐኪሞች አንድ ሆነው የሕመሙን መንስኤ ሊፈልጉ ገንዘብ አግኝተዋል፤ ገንዘቡ ሊያልቅ ነው፤ የካቲት ላይ ገንዘብ ሰጪዎቹ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ከእኛ ዘንድ የሚገባ ቤተሰብ ካልተገኘ የእኛን ድርሻ አቁመው ሌሎቹ ይቀጥላሉ። «አንተ ከወጣህ ሰው ሁሉ ይወጣል። ይወዱሃል» አልኩት።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የልጅ ልጄን የሙላት ልጅ ሊያጫት ነው። ሽማግሌ ልኮብናል። ከዘር የሚወረስ ነገር አለበት ከተባለ ማን ይወስዳታል?»

«የእኔን ልጅ ማን ወሰዳት?» አልኩት። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ጃንጥላውን ግን አልመለሰልኝም።

ገንዘብ ሰጪዎቹ የካቲት ላይ ሲመጡ ስብሰባ የተጠራው በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ አራሹም ሥራ ፈቶ ከቅዳሴ መልስ ሞላው። እማሆይ ዘርፌ ከፊት ተቀምጣለች። የያዘችው መቋሚያ የዚያ ዘመን ጃንጥላ እጀታ ነው፤ ጨርቁ ካለቀ ቆይቷል፣ ብረቱን ግን አልጣለችውም። አዳሙ ከመሃል፣ ሙላት ከነሽማግሌዎቹ ከኋላ። ዶክተር ሰናይት ተነስታ ስለ ገንዘቡ አስረዳች። አንድ ሆስፒታል ወይም አንድ አገር ብቻውን ይህን ሊፈታው አይችልም፤ መንስኤው አንድ ነገር አይደለም፣ ብዙ ጥቃቅን ነገር ተጠራቅሞ ነው፤ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ከብዙ ሕዝብ መታየት አለበት፤ እስካሁን የታየው የሌላው አገር ሰው ነው፤ የእኛ ካልገባበት ነገ የሚገኘው መድኃኒት ለእኛ ይስማማ አይስማማ የሚያውቅ አይኖርም አለች። 

«ሌላው አገር ስለ እኛ ምን አገባው ብሎ ገንዘብ ያወጣል?» አለ አንዱ።

«ወንፈል ነው» አልኩ ከተቀመጥኩበት። «አንተ ስታርስ የጎረቤትህ በሬ ለምን ይመጣል? ነገ ያንተ እንዲሄድለት አይደለም? በሬህን ካላመጣህ ወንፈሉ ይቀጥላል፣ ያንተ ማሳ ጦሙን ያድራል።»

«ሰንሰለት ደግሞ ሐኪም ሆነ» አለ አንድ ድምፅ። ሳቁ።

ከዚያ ከገንዘብ ሰጪዎቹ አንዷ ተነሳች። ከባሕር ማዶ የመጣች ረጅም ሽበታም ሴት ናት። ከመጣች ጀምሮ እያየኋት ነበር፤ ወንበሩ ቆረቆራት፣ ሻዩ ስኳር በዛባት መሰለኝ ፊቷን አጨማደደች፣ ማይክራፎኑ ሲጮህ በዐይኗ ገረመመችው። ጠባይዋን ወደድኩት። የተናገረችውን ዶክተር ሰናይት ተረጎመችልን።

«ይህን ገንዘብ የምንሰጠው ደግ ስለሆንን አይደለም ይላሉ። ወንድም ነበረኝ። አንድ ጸደይ ላይ የወላጆቻችንን ቤት ሸጦ ፈረስ ገዛበት። ቤታችን ውስጥ ፈረስ መጋለብ የሚችል ሰው አልነበረም። ዕድሜ ልኬን ተቆጥቼበት ኖርኩ። አሁን ሞቷል፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ሳልሞት ማወቅ እፈልጋለሁ ይላሉ።»

 ከሰዉ መሃል የአዳሙ ድምፅ ተሰማ።

«ስንት ፈረስ?»

ዶክተር ሰናይት ግራ ገብቷት ተረጎመች። ሴትዮዋ አዳሙን አየችው። «አሥራ አንድ» አለች።

አዳሙ ራሱን ነቀነቀ፤ ገበሬ የገበሬን ምርት ሲሰማ እንደሚነቀንቀው። «እኔ ጃንጥላ ነው የገዛሁ» አለ።

 ሴትዮዋ ተተርጉሞላት፣ «ዝናብ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አይ፣ በጋ ነው። በየካቲት።»

ሴትዮዋ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ፊት ይስቃል ብዬ አላሰብኩም። አዳሙም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመና ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረ።

«ገንዘቡ የእጅጉ በሬ ነበር። ቦራ። ሰንሰለቱንም የገዛሁ በዚያው ነው። ታሞ የነበረ እኔ ነኝ፤ እሱ ምንም አልነበረው። አስሬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማርቆስም የምመላለስ ለደም ግፊት አይደለም፤ ለዚሁ ነው።» ዞር ብሎ ከኋላ ያለውን ሙላትን አየው። «ሙላት፣ ሰምተሃል። ልጅህን ብታስቀር አልቀየምህም።»

ሙላት ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴን ፀሐይ መትቷት ነው ስንል ኖረን የለ» አለ። «በየዓመቱ ነው ፀሐይ የሚመታት። ብልቃጥ ካለ ለእኛም ይሰጠን።»

ሰው ተንሾካሾከ፣ ወንበር ተንቋቋ።  ይህን ቀን ስጠብቅ ስንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ያን ጊዜ እማሆይ ዘርፌ በጃንጥላዋ እጀታ ወለሉን መታ መታ አደረገች።

«ዶክተርዬ» አለች፣ «እሺ፣ አዳሙ ነው እንበል። እንግዲያስ እጅጉ ጤነኛ ከሆነ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን የሚቆጣ ለምንድን ነው?»

ዶክተር ሰናይት እኔን አየችኝ፣ ወረቀቷን አየች። «እማሆይ፣ እሱ ጠባያቸው ነው» አለች። «ለእሱ የሚሆን ገንዘብ አልተመደበልንም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጥሩወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ገንዘብ ሰጪዋ ተተርጉሞላት እጇን ወደ እኔ አንስታ ሰላም አለችኝ፤ ዘመዷን ያወቀች ይመስላል። እኔ አልሳቅሁም፤ ጥሩወርቅ ግን ስቀሃል ትላለች፣ ምስክርም አለኝ ትላለች።

ከዚያ ሰው በሩ ላይ ተሰለፈ። አዳሙና እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ብልቃጣችንን ያዝን። እሱ እንደ ልማዱ ቶሎ ሞላው፤ የእኔ አፍ ደርቆ ብዙ ቆየሁ። «ቦራን አስብ፣ ምራቅህ ይመጣል» አለኝ። እውነትም መጣ።

የሕመሙ መንስኤ እስካሁን አልተገኘም፤ ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል ብላናለች ዶክተሯ። ገንዘቡ እንደሚቀጥል የሰማነው ክረምቱ ሲገባ ነው። የሙላት ልጅ ልጅቷን ወስዷል። ገበያ ላይ አሁን እጅጉ ጤነኛው ይሉኛል፤ እሱም ቢሆን ያናድደኛል፣ ግን አቤት እላለሁ። የእኔ ጉዳይ ገንዘቡንም መንስኤውንም አልጠበቀም። ያለቀው የካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው።